ሁለት ጊዜ ጠርቶ ሲቋረጥ

እኔን «ደረቋ» ይሉኛል። ፊት ለፊቴም ይሉኛል፣ እኔም አቤት እላለሁ። ስሙን ያወጣልኝ ባለታክሲው ነው፤ የአገራችን ልጅ ነው፣ እዚህ ከተማ ውስጥ የማያደርሰው ሰው፣ የማያውቀው ወሬ የለም። አንድ ጠዋት ለአንዲት ልጅ የወንድሟን መርዶ ነግሬ ስንመለስ እሱ እየተንሰቀሰቀ መሪውን መያዝ አቃተው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «ቀይ ነው፣ ቁም፤ አሁን ሂድ» እያልኩ ቤት አደረስኩት። «አንቺ ግን እንባ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም እንዴ? ደረቅ!» አለኝ። በዚያው ቀረ።

አልቅሼ አላውቅም ማለቴ አይደለም። ሰው ፊት አይመጣልኝም፣ ምን ላድርግ? በዚህ የተነሳ ከአገር ቤት ክፉ ወሬ በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ሆንኩ። ገና ሠላሳ እንኳን አልሞላኝም። እኩዮቼ ጸጉር መሥራት፣ ሰርግ ማድመቅ ይችሉበታል፤ እኔ የምችልበት መርዶ መናገር ሆኖ አረፈው። ጉድ እኮ ነው!

ሰው አገር መርዶ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሐዘን እዚህ የእረፍት ቀን ይጠብቃል። ሰውየው ሥራው ላይ እያለ ቢሰማ ወይ እጁን ማሽን ይበላዋል፣ ወይ ጥሎ ወጥቶ ይባረራል። ስለዚህ የእረፍቱ ዋዜማ ላይ መጀመሪያ ስልኩ ይወሰዳል፣ ኢንተርኔት ላይ የሚያዝኑለት ሰዎች ቀድመው እንዳይነግሩት። «ባትሪዬ ሞተ፣ አንዴ ልደውልበት» ይባላል፤ ከዚያ ስልኩ አይመለስም። ማታውን ድስት ሙሉ ምግብ ይሠራል፣ በማግስቱ ቤቱ በሰው ይሞላልና። ጠዋት ደግሞ ቁርስ ሳይበላ አይነገረውም። ይቺን የመጨረሻዋን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንዷ በባዶ ሆዷ ሰምታ ወድቃ ጥርሷን ሰብራብናለች።

የምኖረው ከእትዬና ከአዲሷ ጋር ነው። እትዬ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ናቸው፤ ቤቱ በሳቸው ስም ነው፣ ቁጣውም፣ ምርቃቱም እንደዚያው። አዲሷ ከመጣች ዓመት አልሞላትም፣ ግን «አዲሷ» መባሏ አልቀረም። እሷና እኔ የምንሠራው አንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ነው። ሥራችን አንሶላ መተኮስ ነው። እንደ ግንድ የሚሽከረከር የጋለ ብረት አለ፤ እሷ የአንሶላውን አንድ ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን፣ ወጥረን እናጎርሰዋለን። ቀኑን ሙሉ በአንሶላ ማዶና ማዶ ስንተያይ እንውላለን። ባሏን እንኳን እንደዚህ አዘውትራ የምታይ ሴት ያለች አይመስለኝም።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር።

አባቴ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። እናታችን ቀድማ ስለሞተችብን እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገን እየሄደ እየመጣ ነው። ሰፈራችን መግቢያ ላይ አንዲት መታጠፊያ አለች። እዚያች ጋ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል። በቃ፣ አባባ በሰላም ገባ ማለት ነው። እኔ ሻይ እጥዳለሁ፣ ወንድሜ ባዶ እግሩን ይሮጣል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ደግሞ እኔን ይዞኝ ይወጣ ነበር። ከጀርባው ያለው ወንበር ላይ ያስቀምጠኝና «ረዳቴ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ አውሪኝ» ይለኛል። ስሜን ትቶ «ረዳቴ» እንዳለኝ ቀረ። ወሬኛ አድርጎ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ የሚወቅሰኝ ካለ እሱን ይውቀስ።

ወደዚህ ስመጣ እንደ ሌላው አባት አልመረቀኝም፣ የሾፌር ምክር ነው የመከረኝ። «ቦርሳሽ እግርሽ ሥር ሳይሆን ጭንሽ ላይ ይሁን። መንገድ ስትጠይቂ ሁለት ሰው ጠይቂ፣ አንዱ ሳያውቅ አፉ እንዳመጣለት ይነግርሻል። ደግሞ ስትደርሺ አሳውቂኝ።» ደርሼ አሳወቅኩት። በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተቋረጠ። ደንግጬ መልሼ ብደውል በሳቅ ሞተ። «ክላክሴ እኮ ነው» አለኝ። «ደህና አድሬ ተነስቻለሁ ማለቴ ነው። እንዳታነሺው እሺ? ጠዋት ጠዋት ሚስኮል አደርግልሻለሁ፣ ሰምተሽ ወደ ሥራሽ ሂጂ።»

አንድም ቀን ሳያጓድል ዓመታት ቀጠለ። በኋላ በኢንተርኔት እንደ ልብ ማውራት ሲመጣ እንኳን አልተወውም። እዚህ የመጣሁ ሰሞን ስሜን የሚጠራኝ አለቃዬ ብቻ ነበር፣ እሱም አጣሞ። መንገድ ላይ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋሁ እሄዳለሁ፣ ግን ብጠፋ የሚፈልገኝ አልነበረም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ስልኬ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ሁለቴ ይጠራና ዝም ይላል። ፊቴን አደርቅና ደስ ብሎኝ እወጣለሁ። ሌላ ምን ልበል? ያቆመኝ እሱ ነው።

እንግዲህ ያን ዓመት የመኖሪያ ፈቃዴ መጣ። ያለሱ ወጥቶ መመለስ ስለሌለ ስጠብቀው ጸጉሬ ሊሸብት ነበር። አለቃዬም እረፍት ፈቀደልኝ፣ ትኬት ቆረጥኩ። በሚቀጥለው ወር አገሬ ልገባ ነው! ለአባቴ ደረቱን የሚሸፍን ወፍራም ሹራብ ገዛሁ። እትዬን አስለብሼ ለካሁት፤ ሆዳቸው ላይ ሲወጠር «አባትሽ እንደኔ ወፍራም ናቸው እንዴ?» አሉኝ። «አይ እትዬ፣ እሱ ቀጭን ነው፣ ይሰፋዋል ማለት ነው» ብያቸው ተሳሳቅን። ስለ ሹራቡ ለአባቴ ልነግረው ስደውል ወንድሜ ነው ያነሳው። «ጉንፋን ጉሮሮውን ዘግቶታል፣ ድምፁ አይወጣም» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንትም «አሁን ገና ተኛ» አለኝ። በእርግጥ ቅር ብሎኛል። ግን ጠዋት ጠዋት ስልኬ ሁለቴ ይጠራል። ክላክስ ያደረገ ሾፌር ምን ሆነ ተብሎ ይታሰባል?

የእረፍታችን ዋዜማ ዕለትም እንደ ወትሮው ጠራ። ዘፈን እያንጎራጎርኩ ሥራ ገባሁ።

አዲሷ የዚያን ቀን ሌላ ሰው ሆናለች። አንሶላ ወጥረን ስንይዝ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች። የሷ በኩል እየተጣመመ ሦስት አራት አንሶላ አበላሸን። «ምነው አንቺ፣ ልብሽን የት ጣልሽው? አለቃው እየመጣ ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። «እናቴ እኮ አልተሻላትም» አለችኝ። እናቷ ሆስፒታል ከተኛች ቆይታለች፣ ሁላችንም እናውቃለን። አንጀቴን በላችው። «አይዞሽ፣ ትድናለች» አልኳት። ይሄን ስላት ፊቷን ባንሶላው ሸፍና አለቀሰች።

ቤት ስንገባ የሽንኩርቱ ሽታ ከደረጃው ጀምሮ ተቀበለን። እትዬ ትልቁን ድስት አውጥተዋል። ያ ድስት ለምን እንደሚወጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ባለታክሲው ሳይጠራ መጥቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፣ እሱ ገንዘቡን ሳይሠራ የሚቀመጠው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ሲያየኝ ተነስቶ ቆመ፤ ቆሞ ተቀብሎኝ አያውቅም።

አባቴን አሰብኩ። ወዲያው ግን የጠዋቱ ስልክ ትዝ አለኝ። አባቴ ደህና ነው፣ ዛሬ ጠዋት ሰምቼዋለሁ። እፎይ አልኩ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ የኔ አይደለም ብዬ በሆዴ ተደሰትኩ። ከዚያ አዲሷ ጫማዋን ስታወልቅ አየኋትና በራሴ አፈርኩ።

እትዬን ተከትዬ ማድ ቤት ገባሁና በሩን ገፋ አደረግኩት። «የልጅቷ ናቸው አይደል? እናቷ?» አልኳቸው በሹክሹክታ። እትዬ ማማሰያውን ይዘው ድርቅ አሉ። ዓይናቸው በሽንኩርት ይሁን በሌላ ደም መስሏል። «ነገ ጠዋት ይሁን ልጄ፣ ነገ ጠዋት» አሉኝ። «እንደሱማ ነው፣ ቁርስ አብልቼ እኔው እነግራታለሁ፤ እናንተ ብቻ ቀድማችሁ አታልቅሱብኝ» አልኩ። እትዬ አቅፈው ሳሙኝ። ግራ ገባኝ፣ ግን ሐዘን ላይ ሰው ያገኘውን ያቅፋል። ወዲያው «ስልክሽን እስቲ፣ የኔ ባትሪው ሞቷል» አሉኝ።

ይታያችሁ! ይቺን ዘዴ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። አውጥቼ ሰጠኋቸው። ለልጅቷ ዘመዶች ሊደውሉ ነው ብዬ «ካርዱም ሙሉ ነው እትዬ፣ እንደ ልብዎ ያውሩ» አልኳቸው።

ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። ሻይ አፈላሁ፣ ዳቦ ቆረስኩ። አዲሷን አስነስቼ አስቀመጥኳትና «ብዪ» አልኳት። «አልፈልግም» አለችኝ። «መፈለግሽን ማን ጠየቀሽ? ብዪ!» አልኩና አንዱን ቁራሽ በሻይ ነክሬ ራሴ አጎረስኳት። እያየችኝ አኘከች፣ እንባዋ ዳቦው ላይ እየወረደ። «አንቺስ? አንቺም ብዪ፣ በናትሽ» አለችኝ። ታውቃለች ማለት ነው፣ ልቧ ነግሯታል አልኩና እንድትረጋጋ ብዬ ሁለት ቁራሽ በላሁላት።

በሩ ተከፈተና ባለታክሲው ገባ፣ ከኋላው ከላውንደሪው ሁለት ሴቶች፣ ከነሱ ኋላ የእትዬ የሥራ ባልደረባ። ሁሉም ነጠላቸውን ጣል አድርገው ግድግዳ ግድግዳውን ተቀመጡ። ከአዲሷ አጠገብ ተጠግቼ እጇን ያዝኩ። የኔን እጅ እስኪያመኝ ጨምቃ ያዘችው። እትዬን አየኋቸው፣ ጀምሪ ይሉኛል ብዬ። እሳቸው መሬት መሬቱን ያያሉ። እንግዲያው ጀመርኩ።

«እህቴ» አልኳት፣ «እዚህ ያለነው ሁላችን ያንቺ ነን። ጠንከር በዪልኝ እሺ? ሰው የተፈጠረው...»

«አይደለም!» ብላ እጄን ወረወረችው። «እኔ አይደለሁም! ኧረ በፈጠራችሁ፣ አንድ ሰው ይንገራት!»

ቀና አልኩ። እሷን የሚያይ አልነበረም። ሁሉም እኔን ነው የሚያዩት።

እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ልክ በዚያች ሰዓት ከእትዬ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጠራ። አንዴ። ሁለቴ። ተቋረጠ።

«ይኸው!» ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። «ሰማችሁ? አባቴ ነው! ደህና አድሬያለሁ እያለ ነው! እናንተ ሰዎች ምን ነካችሁ፣ ልትገድሉኝ ነው እንዴ?» ሳቅኩ። ከልቤ ነው የሳቅኩት። ከተወለድኩ እንደዚያች ደቂቃ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የባለታክሲውን ትከሻ መትቼ «ወሬ አጣርታችሁ አምጡ እንጂ!» አልኩት። እሱ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እትዬ ከወንበሩ ወርደው ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩና ጉልበቴን ያዙ። «ወንድምሽ ነው ልጄ» አሉኝ። «የሚደውለው ወንድምሽ ነው። ከአባትሽ ስልክ፣ እሱው ነግሮናል። አባትሽ ከተቀበሩ ሳምንት አልፏቸዋል።»

ያኔ ደረቋ አለቀሰች። ሰው ፊት አልመጣ ብሎኝ የኖረው ሁሉ ባንዴ መጣ። ለስንቱ ሰው «ጠንከር በል» ያልኩትን አስታወስኩና አፈርኩ፤ ለካ ሰው በዚያ ሰዓት ምንም አይሰማም። «አባባ፣ ሹራቡን እኮ ገዝቻለሁ» እያልኩ ነበር አሉ። እኔ አላስታውሰውም። የማስታውሰው አዲሷ ከኋላዬ አቅፋኝ አብራኝ ስትንቀጠቀጥ ብቻ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሲበርድልኝ ለወንድሜ ደወልኩ። «እታለም» አለኝ። ልጅ ነው፣ ጺሙ ገና መውጣቱ ነው። እኔም ሳልራራለት ጠየቅኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው አንተ የምትደውለው?»

«ተይው እታለም።»

«ንገረኝ!»

«ዝናቡ ሲጀምር እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ» አለኝ። «ቁልፉን መጫን አቃተው። ‹ደውልላት፣ ረዳቴ እንዳትደነግጥ› ይለኛል። አጠገቡ ሆኜ እየሰማ ነበር የምደውለው። ሁለቴ ሲጠራ ‹በቃ፣ ቁረጠው› ይላል። በኋላ ድምፁ ሲጠፋ በጣቱ ሁለት ያሳየኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም? ስልኩን ጆሮው ላይ ብታደርገው ምን ነበር?»

«ያኔ ወረቀትሽ ገና አልመጣም ነበር። ብትሰሚ ጥለሽ ትመጫለሽ፣ ከመጣሽ መመለስ የለም። ወረቀቱ ከመጣም በኋላ ‹እንዳትነግራት፣ የወር የሁለት ወር ነገር ነው፣ እጠብቃታለሁ› አለኝ። የሚጠብቅሽ መስሎት ነበር እታለም።»

«እሺ ሁሌ አንተ ነበርክ? ሁሉንም ቀን?»

«አይ፣ ሲሻለው ደግሞ ራሱ ይደውል ነበር። ከእጄ ቀምቶኝ።»

«የመጨረሻውን የደወለው የትኛው ቀን ነው? የትኛው ነው የሱ?»

ማልቀስ ጀመረ። «አላስታውስም» አለኝ። «ማስታወስ እንዳለብኝ አላወቅኩም።»

እኔም አላውቅም። ያን ሰሞን ስልኬ ሲጠራ አንዱን ቀን ጥርሴን እየፋቅኩ፣ አንዱን ቀን ከአዲሷ ጋር በሳሙና እየተጣላሁ፣ አንዱን ቀን ጭራሽ ሳልሰማው አልፏል። ከነዚያ ውስጥ አንዱ አባቴ በገዛ ጣቱ የደወለልኝ የመጨረሻው ነው።

«ከሞተ በኋላስ ለምን ቀጠልክ?» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ካልደወልኩ ትደውያለሽ። ብትደውዪ ምን እልሻለሁ? ደግሞ...» ንፍጡን ሲስብ ይሰማኛል። «ደግሞ ጠዋት ሲሆን እጄ ዝም ብሎ ይሄዳል። ይቅር በዪኝ እታለም። ከእንግዲህ አልደውልም።»

መልስ ሳልሰጠው ስልኩ ተቋረጠ።

ያን ማታ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ሁሉም ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተደርድሮ ነበር ያደረው። ነግቶ ፊቴን የምታጠብበት ሰዓት ደረሰ። ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ሰዓቱ አለፈ፣ ፀሐይዋ መስኮቱ ላይ ወጣች፣ አሁንም ምንም የለም። እዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ስልኬ ሳይጠራ የነጋ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ያኔ ወንድሜ ታየኝ። በዚያ ቤት ውስጥ ብቻውን፣ ስልኩን ይዞ፣ ሁለት ጣት የሚያሳየው ሰው የለ። እኔን ከበው ያደሩ ስንት ሰዎች አሉ፤ እሱ ያን ሁሉ ቀን ሲደውልልኝ «አንተስ?» ያለው ሰው አልነበረም። እኔም አላልኩትም።

የአባቴን ቁጥር ደወልኩ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ቆረጥኩት።

ትንሽ ቆየ። ከዚያ ስልኬ ጭኔ ላይ ጠራ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ዝም አለ። እትዬ ከፍራሹ ላይ በክርናቸው ተደግፈው ቀና አሉ።

«ማነው ልጄ?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው እትዬ» አልኳቸው። «ደህና አድሯል።»